ፊርማ የጎደለው

የኔ ሥራ ይኸው ነው፤ ፖስታ እከፍታለሁ፣
የጎደለ ካለ በቀይ አከብባለሁ።
ፊርማ የሌለበት፣ ክፍያው ያነሰ፣
ከሃያ ስምንት ቀን ዘግይቶ የደረሰ፣
ሚኒስትሩን ትቶ ጸሐፊውን የከሰሰ፤
ስንቱ በዚህች እጄ ከደጅ ተመለሰ።

ዳኛ አይደለሁም። ዳኞቹ ከላይ ናቸው፣
ምንጣፍ ከለበሰው ከአራተኛው ፎቃቸው።
እኔ ከደጃፉ ነኝ፣ ማኅተም ይዤ የቆምኩ፣
ጉድለት ስለቅም ሃያ ሁለት ዓመት ያስቆጠርኩ።
ታውንስቪል ባሕር አላት፤ በመስኮቴ ይታያል፣
እዚህ ቤት ግን ሰው ሁሉ ቀን ብቻ ይቆጥራል።

ከዊንተን አንድ ፖስታ ደረሰኝ በመጋቢት፣
ጥጉ ጭቃ የነካው፣ ቴምብሩ የላላበት።
አመልካች፦ ኖሪን ባልፍ። ዕድሜ፦ ስድሳ ስምንት።
ጉዳዩ፦ የአስታማሚ አበል ስለመቋረጡ።

ታማሚው ወንድሟ ነው፤ ክሌም ይሉታል፣
ዕድሜ ልኩን በግ ሸልቷል፣
አሁን ማንኪያ ሲሰጡት እጁ ይረሳዋል።
መሥሪያ ቤቱ ግን ጽፎላታል፦
«የሙሉ ቀን እንክብካቤ ስለመስጠትዎ
በቂ ማስረጃ አላገኘንም።»

ቅጹን ገለጥሁት። ሁለተኛው ገጽ የለም።
የፊርማው ቦታ ባዶ፤ ቀኑም አልተሞላም።
ስድስተኛው ጥያቄ፣ ያ ሰፊው ሣጥን፣
«ውሳኔው ስሕተት የሆነበትን ምክንያት ያብራሩልን»፣
ሃያ መስመር ክፍት፣ ካነሰም ተጨማሪ ወረቀት፤
እሷ በእርሳስ የጻፈችው ሁለት ቃል ናት፦

መጥታችሁ እዩ።

ይህ ምክንያት ነው እንዴ? መመሪያውን ገለጥሁ፤
«ምክንያት» የሚለውን ሦስት ቦታ አገኘሁ፣ ምንነቱን ግን አጣሁ።
ማኅተሜን አሳረፍኩ፤ ሃያ ዘጠነኛው ቀን።
ዲያማንቲና ሞልቶ መንገዱን ቆርጦ እንደሆን፣
የፖስታው መኪና ሳምንት ከርሞ እንደሆን ማዶ፣
ወንዝ ለመዝገብ ቤት ቃሉን አይሰጥም ወርዶ።

እንደ ልማዴ ጻፍኩ፦
«አንደኛ፣ ፊርማ የለም። ሁለተኛ፣ ገጽ ጎድሏል።
ሦስተኛ፣ ጊዜው አልፏል።
አራተኛ፣ ምክንያትዎ ምክንያት አይመስልም።
በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አሟልተው ካላቀረቡ
መዝገቡ ይዘጋል። ከሠላምታ ጋር።»
አጠፍኩ፣ አሸግሁ፣ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።
የቱና ሳንድዊች ነበር። ዛሬም አስታውሳለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤ መጣልኝ።
የራሴ ደብዳቤ ነው፣ ተመልሶ የመጣልኝ።
ከ«ሠላምታ ጋር» ሥር፣ ስሜ ከተተየበበት በላይ፣
ያ ነጭ ክፍተት
በቀይ ተከብቧል።
ከጎኑ በእርሳስ፣
«ፊርማ የለም። ማን እንደጻፈልኝ በምን ልወቅ?
አሥራ አራት ቀን ሰጥቼዎታለሁ። ኖሪን ባልፍ።»

ከስሟ ዝቅ ብሎ አንዲት ጭረት አለች፣
ፊደል ልትሆን ጀምራ የተወችው፣
እየተንቀጠቀጠች ወረቀቱን አልፋ የወጣች።
«ይቺ ደግሞ ክሌም ናት። እሱም ይፈርም ብዬ ነው።
ብዕሩን ለማስያዝ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤
ከዚያ ገንፎው በረደ፣ እንደገና አሞቅሁ።»

ይዤው አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።
ሚስተር ሃልዴን መነጽሩን አወለቀ።
ጭረቷን በጣቱ ተከትሎ ወረቀቱ ዳር ደረሰ፣
ጠረጴዛው ላይም ቀጠለ፣ ጥቂት።
«የእሷን ቀን ይቅር ልላት እችላለሁ» አለኝ፣
«ያንቺንስ ማን ይበልሽ?»
ብዕሩንም አቀበለኝ።

ሂልዳ ሞስ፣ ብዬ ፈረምኩ፤
«ሞስ» ላይ ስደርስ እጄ ቀለም አንጠባጠበ።
መዝገቡም ላይ ሞላሁ፦ ጉድለቱ ተሟልቷል።
የማን ጉድለት እንደሆነ ዓምዱ አይጠይቅም።

በሩን ልዘጋ ስል መልሶ ጠራኝ፤
«ዊንተን» አለኝ፣
«ማደሪያ ሆቴል ይኖራል?»